የሂርናው ጥቁር እንጨትና የእሳት ራቱ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ስለ እንጨት ጥያቄ ያለው ሰው ወደ እኔ ይመጣል። ይህን የማያውቅ ካለ አዲስ መጤ ነው። አናጢነትን ማንም አላስተማረኝም። ማንበብንም ራሴ ነኝ የተማርኩት፤ ሚስማር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ እየፈታሁ ፊደል ለየሁ። ዛሬ ዋንዛን ከጽድ፣ ዝግባን ከወይራ ዓይኔን ጨፍኜ በጠረኑ ብቻ እለያለሁ። ይህን ማስታወሻ የምጽፈው ሐረርጌን አይተው ለማያውቁት የሰፈሬ ሰዎች ነው። ከተመለስኩ ጀምሮ በየመንገዱ እያስቆሙ ስለሚጠይቁኝ አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው።

የጉዞው ምክንያት ኦቦ ሙሜ ነው። ኦቦ ማለት በእነሱ ዘንድ እንደኛ አቶ ነው። ሙሜ ከሂርና ከተማ በላይ ባለው ተዳፋት ጫት የሚያመርት ገበሬ ሲሆን፣ አዲስ አበባ ዓይናችንን ስንታከም አልጋችን ጎን ለጎን ነበር። ሁለታችንም በፋሻ ታስረን ስለተኛን የማወራው እኔ፣ የሚሰማው እሱ ሆነ። ስለ ዛፍ የማውቀውን ሁሉ ነገርኩት። ታዲያ በግንቦት አንድ ቀን ስልክ ደወለ።

«ጋሽ አበራ፣ ጥቁር እንጨት ያውቃሉ አይደል? እኛ ሆሚ የምንለው።»

«ጥቁር እንጨት የማያውቅ አናጢ አለ እንዴ?» አልኩት።

«የእናቴ ዛፍ ነው። ትል ቅጠሉን ጨረሰው። ጎረቤት ደግሞ ትሉ ወደ ጫታችን ሊወርድ ነው፣ ቁረጥ ብሎ ያዘኝ። ቅዳሜ ሊቆርጡት ነው። እርስዎ ዛፍ ታውቃለህ፣ ናና ንገራቸው።»

ከዚያ ተዳፋት ላይ ጥቁር እንጨት እየተቆረጠ አልቆ የቀረው ይህ አንዱ ብቻ ነው። እናቱ ልትሞት ስትል እጁን ይዛ «አንተ በሕይወት እያለህ እንዳይቆረጥ» ብላዋለች። የሰው አደራና የጎረቤት ጠብ ያለበት ነገር ነውና እምቢ ማለት አልቻልኩም። እውነቱን ለመናገር እምቢ ማለትም አልፈለግሁም። በማግስቱ ከተማው ሁሉ አበራ ለምክር ሐረርጌ ተጠራ ብሎ ያወራ ነበር፤ ያወራሁትም እኔ ነኝ።

ማክሰኞ

ሰኞ አዲስ አበባ ልጄ ቤት አድሬ ማክሰኞ ማለዳ የጭሮን አውቶቡስ ያዝኩ። ጭሮን የድሮ ሰው አሰበ ተፈሪ ይላታል፤ እኔም የድሮ ሰው ነኝ፣ ግን ትኬት ቆራጩ እንዲሰማኝ ጭሮ አልኩ። የደብረ ብርሃን ሰው ነኝና ካፖርቴን ለብሻለሁ፤ ጋቢዬንም ደርቤአለሁ። ለሙሜ የአገሬን ብርድ ልብስ፣ ለቤቱ ደግሞ አንድ ጠርሙስ የደብረ ብርሃን አረቄ ይዣለሁ።

አዋሽን እንዳለፍን ካፖርቱ ወለቀ። ሚኤሶ ስንደርስ ጋቢውም ተነሳ። በእኛ አገር ፀሐይ ከሰው ጋር ትኖራለች፤ እዚያ ግን ሰው ላይ ትቀመጣለች። አጠገቤ የተቀመጠው የጭሮ ነጋዴ «አሰላሙ ዓለይኩም» ሲለኝ ነው አንድ ነገር ብልጭ ያለልኝ። ሙሜ እስላም ነው! አረቄ ይዤ እስላም ቤት ልገባ ነው! ይህን ያህል የሚያስብ ጭንቅላት ይዤ እንዴት እንደሳትኩት እስከ ዛሬ አይገባኝም። ጠርሙሱን ከብርድ ልብሱ ሥር ቀበርኩት።

ሚኤሶ ላይ ሴቶች የግመል ወተት ይሸጣሉ። ነጋዴው «ለለመደ ነው አባባ፣ ትንሽ ቅመሱ» አለኝ። እኔ ግን የደብረ ብርሃን አይብና ወተት ያሳደገኝ ሰው ነኝ ብዬ ጣሳውን ገለበጥኩት። ወደ ጭሮ የሚወስደውን ዳገት ስንያያዝ ሆዴ እንደ መጋዝ ጮኸ። ሾፌሩን አስቆምኩት። ዛፍ የለም፣ ድንጋይ የለም። ያ ነጋዴ ተከትሎኝ ወርዶ ሽርጡን በሁለት እጁ ዘርግቶ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ እንደ አጥር ቆመልኝ። ሾፌሩም ክላክስ አልነፋም። «ይቺ ወተት እንግዳ አትወድም» ብሎ ሳቀ እንጂ። የእኛ አገር ሾፌር ቢሆን ሻንጣዬን አውርዶልኝ ይሄድ ነበር።

ጭሮ ላይ ባጃጅ ያደረሰኝ አንዲት የስልጤ ሴት የምታስተዳድረው ማረፊያ ነው። ዘይነባ ትባላለች። ፊቴን አይታ «ሚኤሶ ጠጥተው ነው?» አለችኝ። ከመንገዱ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ እንደኔ ነው መሰለኝ። የሩዝ ሾርባ ሠርታ አልጋዬ ድረስ አመጣችልኝ። የእኔ ቤት ሾርባ በርበሬ አለው፤ የሷ የለውም። ግን ሁለት ሳህን ጠጣሁ።

ረቡዕ

ከጭሮ ወደ ሂርና በሚኒባስ ሄድኩ። መንገዱ ላይ የሚፈራው ገደሉ አይደለም፤ ጫት የጫነ አይሱዙ ነው። ጫት ከደረቀ ዋጋ የለውምና እንደ እሳት አደጋ መኪና ይበራሉ። በእኛ አገር እንዲህ የሚሮጥ መኪና በሽተኛ የጫነ ብቻ ነው። አይሱዙው በመጣ ቁጥር ሚኒባሱ ጥጉን ይይዛል፣ ተሳፋሪው ሁሉ «ያ አላህ» ይላል፤ እኔም በሦስተኛው ላይ አብሬ ማለት ጀመርኩ።

ሙሜ መንገድ ዳር ቆሞ ጠበቀኝ። ሻንጣዬን ነጥቆ ተሸከመና ወደ ላይ ወጣን። ተዳፋቱ በድንጋይ እርከን ተከፋፍሎ ጫትና ማሽላ ለብሷል፤ እኛ ዘንድ ዓይን የሚያርፍበት ባሕር ዛፍ እዚህ ጥቂት ነው። ቤቱ አጠገብ ስንደርስ ዝናብ ካፊያ ሲጥል ሰማሁ። ቀና ብል ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። የሙሜ ሚስት ሐሊማ ጃንጥላ ይዛ ከቤት ወጣችና በላዬ ዘረጋችው።

«ዝናቡ ከየት ነው?» አልኩ።

«ዝናብ አይደለም» አለች እየሳቀች። «የትሉ ኩስ ነው።»

እውነቷን ነው። ጥቁር እንጨቱ ከበላያችን ነበር። ግዙፍ ዛፍ ነው፣ ግንዱን ሦስት ሰው ተያይዞ አይከበውም። አገሩ ሁሉ ለምልሞ እሱ ብቻ ራቁቱን ቆሟል። ቅርንጫፉ ላይ ጥቁርና ቢጫ ጸጉራም አባጨጓሬ ተሰልፎ የቀረችውን ቅጠል ይቆረጥማል፤ የሚጥለው ደግሞ መሬት ላይ እንደ ካፊያ ያርፋል። ያን ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። አንብቤም አላውቅም፤ ስለዚህ የተጻፈ አይመስለኝም።

ግንዱን በጣቴ አንኳኳሁ። የቆመ እንጨት ማንኳኳት አልተማርኩም፣ የተጋደመውን ነው የማውቀው። ድምፁ ደረቅ አልመሰለኝም። ያም ሆኖ ግራ ገባኝ። የእኛ ባሕር ዛፍ እንዲህ ከተራቆተ ሞቷል ማለት ነው። ሙሜ ግን ሌላ ነገር አለ፦

«ጫት እኮ ቅጠሉን ካልሸመጠጥከው አዲስ ለጋ አያወጣም። እኛ የምንሸመጥጠው አይሞትም። ይሄም ተሸምጥጦ ይሆናል።»

«ትሉ ገበሬ ነው እያልከኝ ነው?»

«እኔ እንጃ። እርስዎ ነህ አዋቂ።»

የማሽላ እንጀራ በእርጎና በእርድ ከተሠራ ወጥ ጋር አቀረቡልኝ። እየበላሁ ነገሩን በሚዛን አስቀመጥኩት። ዛፉ አንድ ነው፣ አባቶቻችን ሳይወለዱ በቅሏል፣ ሸሽቶ መሄድ አይችልም። ትሉ ብዙ ነው፣ ዕድሜው የአንድ ወቅት ነው፤ ሲያድግ ድር ሠርቶ ይሸሸግና የእሳት ራት ሆኖ ይበራል። እስከዚህ ድረስ ፍርዱ ቀላል ነበር፣ ትሉ በዳይ፣ ዛፉ ተበዳይ። ሐሊማ ናት ያበላሸችብኝ።

«ይሄን ትል በሌላ ዓይነት ዛፍ ላይ አይቼው አላውቅም» አለች። «ድሮ እነዚያ ሌሎቹ ጥቁር እንጨቶች ሳይቆረጡ በእነሱም ላይ ነበር። አሁን እሱም የቀረው እዚህ ብቻ ነው።»

እንግዲያው እያለቀ ያለው ማነው? ዛፉ ወይስ በልቶ የሚጨርሰው? የጎረሥኩት አፌ ውስጥ ቆየ።

ከሰዓት ጎረቤቶቹ ለበርጫ መጡ። በርጫ ማለት ሰው ተሰብስቦ ጫት እየቃመ ጉዳዩን የሚጨርስበት ነው፤ እኛ ጠላ ቤት የምንጨርሰውን እነሱ በዚህ ይጨርሱታል። ቁረጥ የሚለው ዋናው ሰው ኦቦ ጂብሪል ነው። የጫት ማሳው ከዛፉ ሥር ነው፣ ድምፁም ጎርናና ነው።

«አባባ፣ እርስዎ ደህና መጣህ» አለኝ። «ግን ትሉ ወደ ጫቴ ከወረደ ልጆቼ ዛፍ አይበሉም።»

ጥያቄው ልክ ነው። እኔም እንዲህ ዓይነት ነገር በሙከራ እንጂ በጭቅጭቅ እንደማይፈታ ከራሴ ጭንቅላት አፈለቅሁ። ሰፌድ የሚያክል ሳፋ አስመጣሁ፣ ከታች ትል፣ ከላይ ለጋ ጫት አደረግሁበት። ሐሊማ ቅጠሉ እንዳይጠወልግ እርጥብ ጨርቅ ጣል አደረገችበት። ሳፋው በርጫው ክፍል ጥግ ተቀመጠ። የበርጫው ማብቂያ ላይ ይከፈት፣ ትሉ ጫት ከበላ ዛፉ ይቆረጥ፣ ካልበላ ይቆይ ተባለ። ሁሉም ተስማማ። በሕይወቴ ካቀድኩት ነገር ሁሉ ያማረው ይሄ ነው ብዬ ትራሴን ተደገፍኩ።

ሳፋው ተከፈተ። ጫቱ የለም! የጫቱ ዘንግና ጥቂት ሻካራ ቅጠል ቀርቷል። ትሉ ከሥር ይርመሰመሳል።

ጂብሪል ጭኑን መታ። «ዎላሂ አላልኳችሁም? በላው! ቅዳሜ መጥረቢያ ነው!»

ሙሜ ፊቱ ተለወጠ። በመስኮቱ ወደ ዛፉ ማየት ጀመረ። ሐሊማ አንገቷን ደፋች። እኔ ግን ዘንጉን አነሳሁና ወደ ብርሃኑ ያዝኩት። ይህን ለማንም ብዬ ሳይሆን እውነት ስለሆነ ነው የምጽፈው፦ እዚያ ቤት ውስጥ የተቆረጠ ነገር ማንበብ የሚችል እኔ ብቻ ነበርኩ። የመጋዝ ቁራጭና ተሰብሮ የወጣ እንጨት አንድ አይደለም። ትል ከዳር እየጋጠ ነው የሚበላው። ይሄ ከጫፉ ተቀንጥቧል፤ ለጋው ብቻ ተመርጦ፣ ሻካራው ቀርቷል።

«ይሄን የቆረጠው ጥፍር ነው» አልኩ።

ዞር ዞር ብዬ አየሁ። የሁሉም ጫት ከፊቱ አልቋል። የጂብሪል እስሩ ግን እንደታሰረ ከጉልበቱ አጠገብ ተቀምጧል፤ ግራ ጉንጩ ደግሞ እንቁላል አክሏል።

«ኦቦ ጂብሪል፣ ጉንጭህ ውስጥ ያለው የማን ጫት ነው?»

«የራሴ ነዋ።»

«የራስህማ አልተፈታም።»

እስሩን አየው። ሳፋውን አየው። ሳፋው ከጀርባው ነበር። ለካስ በዚህ አገር ጫት ማቆያው እርጥብ ጨርቅ ነው፤ እርጥብ ጨርቅ ያየ ሁሉ የባለቤቱ ትርፍ ጫት ነው ይላል። ወሬው ሲሞቅ ሳያይ እጁን ወደ ኋላ እየሰደደ ሲቀነጥብ ውሏል።

«ትሉንም አብረህ ነው የበላኸው?» አለች ሐሊማ። «አንድ የጎደለ ይመስለኛል።»

ጂብሪል ተስፈንጥሮ ወጣ። ደጅ ሲተፋ ከውስጥ እንሰማ ነበር። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፣ ሙሜ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። የጎደለው ትል ከጂብሪል ፎጣ ላይ ተገኘ።

ሐሙስ

ጂብሪል ግን ተመልሶ የተናገረው የሞኝ ንግግር አልነበረም። «እሺ እኔ በላሁ። እኔ የተውኩትን እሱ አይበላም ያለው ማነው?» አለ። እውነት ነው፤ ሙከራዬ አላረጋገጠም፣ አልሻረም። ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት እንደገና ተጀመረ፤ ጂብሪል ራሱ አፉን ተጉመጥምጦ ጠባቂ ሆነ።

እኔ በዚያ መሐል ጥቂት ትል ለማስረጃ ወደ አገሬ ልወስድ አሰብኩ። እንዳይበሰብስ ማድረጊያ ሲቸግረኝ ጠርሙሱ ትዝ አለኝ። አውጥቼ ከፈትኩት። ሽታው ደርሶ ሐሊማ አፍንጫዋን ያዘች።

«ጋሽ አበራ! ምንድን ነው?»

«መድኃኒት ነው፣ ለትሉ።»

«ለትሉስ ሐራም አይደለም?» አለ ጂብሪል ከሳፋው አጠገብ ሆኖ። ማፈሬን አይተው ነው መሰለኝ፣ ማንም ሌላ ነገር አልጨመረም። ሐሊማ ጠርሙሱን በፌስታል ጠቅልላ ከሻንጣዬ ጋር ደጅ አኖረችልኝ። እስላም ሆኖ እኔ ቤት እንዲህ የሳተ እንግዳ ቢመጣ እንደሷ ዝም የምል አይመስለኝም።

ጂብሪል ከሳፋው ፊት ተንበርክኮ ዋለ። ትሉ በጫቱ ላይ ይወጣል፣ አንገቱን ያነሳል፣ ወዲያ ወዲህ ያያል፣ ይወርዳል። ጫቱን አልነካውም። ከቀትር በኋላ እንቅስቃሴው ቀዘቀዘ፤ አንዱ ተጠቅልሎ ቀረ።

«ራበው» አለ ጂብሪል።

«ይራበው እንጂ፣ አንተ አይደለህ ይጥፋ ያልክ?» አለው ሙሜ።

«ይጥፋ አልኩ እንጂ ከፊቴ በረሃብ ይሙት አላልኩም። ከዛፉ አምጡለት!»

ሙሜ በረጅም ቆልማማ እንጨት ከጫፍ የቀረች ቅጠል ጎትቶ አወረደ። በእጄ ሳሻት በኮክ ፍሬ ውስጥ ያለው መራራ ሸተተኝ። ሳፋው ውስጥ ሲጥላት ትሉ ሁሉ ተሰበሰበባት፣ መቆርጠሙም ተሰማ። ጂብሪል «ማሻ አላህ» አለ። «ከእኔ ይልቅ እሱ የሰው ጫት አይነካም።»

እኔ ግን ደስ አላለኝም፤ ግራ ነው የገባኝ። ስመጣ ትሉን በጭስ ወይም በመርዝ ጨርሱት ልል ነበር። አሁን ከዛፉ ላይ የቀረችውን ቅጠል እየቆረጥን ትሉን የምናበላ ሰዎች ሆነናል፤ ከትሉ ወንድሞች ደግሞ አንዳንዶቹን አረቄ ውስጥ ነክሬአለሁ። የማን ወገን ነኝ?

ዓርብ

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ጎረቤቶቹ ከዛፉ አጠገብ፣ የትሉ ካፊያ ከማይደርስበት ተቀመጡ። እኔ ቆሜ ተናገርኩ። ትሉ ጫት አይበላም፣ አይታችኋል። ይበላል ብትሉ እንኳ፣ ዛፉን ስትጥሉት የተራበው ትል ወዴት የሚሄድ ይመስላችኋል? ወደ ቅርቡ ማሳ ነው። ስለዚህ ቢበላም ባይበላም መጥረቢያው አይጠቅማችሁም። ይህን ነገር ማታ ጋደም ብዬ ያበጀሁት ሲሆን፣ ጠበቃ ቢናገረው ይከበርበት ነበር።

ጂብሪል «እኔ መቁረጡን ትቻለሁ» አለ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ጉዳዩ ያለቀ መሰለኝ።

ያኔ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጠው ሽማግሌ በኦሮምኛ አንድ ነገር ጠየቀ። ሙሜ ተረጎመልኝ፣ ሲተረጉም ግን ዓይኑ መሬት ላይ ነበር።

«ዛፉ ይድናል ወይ ይላል። የሞተ ዛፍ ከቤት አጠገብ ማቆም ለሰው አደጋ ነው ይላል። የሚድን ከሆነ እንጠብቅ፣ የማይድን ከሆነ ነገ ይውረድ።»

ይህ ነው እንግዲህ የተጠራሁበት ጥያቄ። ሰሌዳ ቢሆን እርጥበቱን፣ ስንጥቁን፣ የሚጣመምበትን ጎን እነግራቸው ነበር። የቆመና የተራቆተ ዛፍ ግን ምን እንደሚያስብ በምን ላውቅ? ሁሉም ያየኛል። ሙሜ ብቻ አያየኝም። እናቱ የያዘችውን እጁን በሌላው እጁ ይዟል።

«ይድናል» አልኩ።

ሽማግሌው በእርጋታ ራሱን ነቀነቀና ክረምቱ እስኪወጣ ይጠበቅ ብሎ ፈረደ። ቅጠል ካላወጣ ይቆረጣል። ያን ጊዜ የመጀመሪያው ሰሌዳ ለእኔ እንዲላክ፣ ለቤቴ በር እንዳደርገው ተወሰነ። ክብር መስጠታቸው ነው። እኔ ግን ያ በር በየቀኑ ሲከፈት የሚለኝን ከአሁኑ ሰማሁት።

ቅዳሜ

ማልደው ሸኙኝ። ሐሊማ በቆሎና ማር፣ ጂብሪል ደግሞ አንድ እስር ጫት ሰጡኝ። አልቅምም ስለው «ለሾፌሩ ስጠው፣ እንቅልፍ እንዳይወስደው» አለ። ብርድ ልብሱን ሙሜ ትከሻው ላይ አድርጎ መንገድ ድረስ ወረደ። ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ በመስኮት ጠጋ ብሎ «ጋሽ አበራ፣ አውቀህ ነው አይደል?» አለኝ። መኪናው ሄደ። ሚኤሶ ላይ ወተት ሲያቀርቡልኝ እጄን አንስቼ እምቢ አልኩ።

ደብረ ብርሃን ደርሼ ጠርሙሱን መደርደሪያ ላይ አቆምኩና ሰፈርተኛው እየመጣ አየ። በሁለተኛው ቀን ከገበያ ስመለስ ጎረቤቴ በቀለ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ፊቱ ቀልቷል። ጠርሙሱ ደርቋል፣ ትሎቼ ከሥሩ ተጣብቀዋል።

«ምን ሆነህ ነው በቀለ? ማስረጃዬን እኮ ነው የጠጣኸው!»

«ኮሶ መስሎኝ ነው» አለኝ።

ሐረርጌን ስታዘብ ነበር የመጣሁት። ማስረጃ የሚበላ ሰው እኛም አገር አለና በዚያ ቀን ተውኩት።

ክረምቱ እዚህ ሲከብድ እዚያም ከብዷል እያልኩ ሰማዩን ሳይ ከረምኩ። ሌሊት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ያ የትል ካፊያ ይመስለኝና እነቃለሁ። ስልክ ልደውል እያልኩ እተወዋለሁ፤ የማላውቀውን ነገር አውቃለሁ ብዬ እንደተናገርኩ ሚስቴ እንኳ አታውቅም ነበር። ነሐሴ ላይ ሙሜ ራሱ ደወለ።

«ጋሽ አበራ፣ አወጣ!» አለ። «ከላይ እስከ ታች ቅጠል አወጣ። ለጋው ቀይ ነው።»

ቁጭ አልኩ። «አላልኩህም?» ማለት ነበረብኝ፤ የወጣልኝ ግን «ተመስገን» ብቻ ነው። ከዚያ ስለ ትሉ ጠየቅሁት።

«የእሳት ራቱ በመብራቱ ዙሪያ ሞልቷል። አዲሱ ቅጠል ላይ እንቁላል ጥሎበታል። ጂብሪል ከጠዋት እስከ ማታ ከዛፉ ሥር ነው፣ ይጠብቃል።»

«ቅጠሉን ከትሉ ነው የሚጠብቀው?»

«አዎ። ወፍ ሲመጣ ደግሞ ተነስቶ ያባርራል፣ ትሉን እንዳትበላ።»

«ታዲያ የማን ወገን ነው?»

«ጠየቅነው እኮ» አለ ሙሜ። «አበራን ጠይቁልኝ አለ።»